ሚዛን ላይ ተቀምጠን በሁለት ሚዛን አንመዝን



ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳዩ የሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለው ሞባይል ነው።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቴፒ እስከ ቦንጋ ባሉት ከተሞች ሞባይል ቤት ገብቶ «ጫንልኝ» ያላለ ወጣት ማን አለ? ሚሞሪውን እንሰጣለን፤ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካዋል፤ ፊልም፣ ነሺዳ፣ ጌም፣ «ፕሪሚየሙ የተከፈተ» አፕ ይሞላልናል። ከፍለን እንወጣለን። ሰፈር ስንደርስ ደግሞ በዜንደር ለጓደኛ፣ ጓደኛም ለጓደኛው ይልካል። በዚህ ሁሉ መሀል «የሰው ንብረት ወሰድኩ» ብሎ የሚያስብ የለም። እኛ ግን ስሙን በስሙ እንጥራው እንላለን፦ ይህ የሰው ሐቅ መብላት ነው።

እኛ ማን ነን? በሚዛንና በቴፒ የሞባይል አፕ የምንሠራ ጥቂት ወጣቶች ነን። ድርጅት የለንም፤ ቢሮም የለንም። ቀን ሌላ ሥራ እየሠራን ማታ መብራት ሲኖር ኮድ እንጽፋለን። ኢንተርኔቱን ከስልካችን ወደ ላፕቶፓችን እናጋራለን። የምንጽፈውም ከራሳችን ጥቅም ተነስተን ብቻ አይደለም። ነገሩ የዚህን አካባቢ ልጆች ሁሉ የነገ እንጀራ ስለሚነካ ነው።

መጀመሪያ ሁላችሁም ከምትቆጩበት ነገር እንነሳ፤ ከጌሻ ቡና። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተወሰደ። ከታንዛኒያ ወደ ኮስታሪካ፣ ከኮስታሪካ ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ያቀረበው ጌሻ የአገሪቱን የቡና ውድድር አሸንፎ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ፤ ለዚያ ጊዜ ሪከርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ቡና ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዘሩ የተነሳበት ጫካ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ከዚያ ገንዘብ የደረሰው ነገር የለም።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ጫካው ውስጥ ያለው ቡና ጎደለ እንዴ? ዛፉ እኮ እዚያው ነው! የተወሰደው ጥቂት ፍሬ ነው። ታዲያ ለምን እንቆጫለን? የምንቆጨው የእኛ የሆነ ነገር ያለ ፈቃዳችን ተወስዶ፣ ሌላው ሲከብርበት እኛ ተመልካች ስለሆንን ነው። እንግዲያው «አፑን ኮፒ አደረግኩት እንጂ አልሰረቅኩም፤ ዋናው እዚያው ባለቤቱ ጋ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አለቀ። ለጌሻ የማይሠራ ምክንያት ለአፕም አይሠራም።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አገራችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ትልቅ ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ልብ በሉ፦ ክርክሩ የነበረው ስለ ስም ነው። ስም በእጅ አይያዝም፣ በኩንታል አይመዘንም። እኛ ግን «የእኛ ነው፤ ያለ ፈቃዳችን አትነግዱበት» አልን። ልክም ነበርን። ታዲያ ያን ጊዜ «የማይዳሰስም ነገር ንብረት ነው» ያለው አንደበት ዛሬ «ኮድ ምን አላት? ኮፒ እኮ ናት» ሲል ምን ይባላል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይህ ነው።

አብዛኞቻችን የቡና ገበሬ ልጆች ነን። ሚዛን የሚያጎድል ሰብሳቢ አባቶቻችንን ምን ያህል እንዳስለቀሰ እናውቃለን። ቁርኣን ውስጥ ስፍርና ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተሰየመ ምዕራፍ እንዳለም መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ሲገዙ ሞልቶ፣ ሲሸጡ አጉድሎ መመዘን ቡና ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚከለከለው?

አሁን ወደ ሰበቦቹ እንሂድ።

«ድሃ ነን፤ ለአፕ የምንከፍለው የለንም» ይባላል። ግን እኮ እየከፈልን ነው! ሞባይል ቤቱ በነጻ አይጭንም። የቴሌግራም ቻናሉም «የተከፈተውን አፕ» በገንዘብ ይሸጣል። ለመገልበጫው ብር አለን፤ ለሠሪው ሲሆን ድህነታችን ትዝ ይለናል። ገንዘቡ ከኪሳችን ወጥቷል፤ የሄደው ግን ወር ሙሉ ለደከመው ሳይሆን በደቂቃ ለገለበጠው ነው። ይህ የድህነት ጉዳይ አይደለም።

«ማይክሮሶፍት ሀብታም ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚልም አለ። የሀብታም ሐቅ ሐቅ መሆኑ አይቀርም። እሱን እንኳ ለጊዜው እንተወው። ማን እንደሚጎዳ እንይ። አሜሪካ ያለው ትልቅ ኩባንያ በሚዛን በተገለበጠ ዊንዶውስ አይከስርም። የሚከስረው የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ክራክ የለመደ እጅ የውጩን ከአገር ውስጡ አይለይም፤ የቢሊየነሩንም የጎረቤቱንም እኩል ይገለብጣል።

ከመካከላችን አንዱ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የመለማመጃ ጥያቄ ያለው አፕ ሠርቶ ነበር። ጥያቄዎቹን ከመምህራን ጋር አንድ በአንድ አዘጋጅቶ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጎ፣ ዝቅተኛ ስልክ ላይ እንዲገባ አቅልሎ አቀረበው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ቁልፉን ሰብሮ፣ የሠሪውን ስም አጥፍቶ፣ የራሱን ቻናል ስም ለጥፎበት ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የከፈለ ተማሪ በጣት ይቆጠራል። ጥያቄ ላይ ስህተት ሲገኝ ግን ተማሪዎች የሚደውሉት ለእሱ ነበር! በተሰረቀው ቅጂ ላይ ማስተካከያ መላክ አይችልም። በመጨረሻ አፑን ማደስ ተወ። ማን ተጎዳ? እሱ ብቻ? በቀጣዩ ዓመት የተፈተኑት ተማሪዎችም ያረጀ ጥያቄ ይዘው ቀሩ።

«መክፈያ መንገድ የለም» የሚለው ሰበብ ግማሹ እውነት ነው። የውጭ አፕ በዶላር ካርድ ነው የሚከፈለው፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ያ ካርድ የለንም። ችግሩ እኛንም ይነካናል፤ ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ ለመጫን አካውንት ሲከፈት የሚጠየቀውን 25 ዶላር ለመክፈል ውጭ አገር ዘመድ የምንለምን አለን። ለአገር ውስጥ አፕ ግን ይህ ሰበብ አልፎበታል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ፣ ኤምፔሳ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ አለ። የሻይ ሒሳብ በስልኩ የሚከፍል ሰው ለአፕ መክፈያ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

«ዒልም አይሸጥም፤ በተለይ የዲን አፕ ነጻ መሆን አለበት» የሚሉም አሉ። ዒልም ማካፈል ትልቅ ሥራ ነው። ነጻ ይሁን ብሎ የሚለቅ ወንድም አላህ ይመንዳው፤ እኛም የምናደርገው ጊዜ አለ። ነገር ግን ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው ሲሰጥ ነው። ሌላው ሰብሮ ሲወስደው ሰደቃ አይባልም። የእኛ የዒልም ወግ ራሱ ፈቃድን የሚያከብር ነው። ደረሳ ኪታብ ቀርቶ ሲጨርስ ከሸይኹ ኢጃዛ ይቀበላል፤ ከማን እንደተማረም ሰንሰለቱን ይናገራል። የሠሪውን ስም ፍቆ የራስን መለጠፍ ከዚህ ወግ ጋር አይሄድም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ዑለማዎችም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። በእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ የባለቤቱ ሐቅ መሆኑን፣ መድፈርም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ዝርዝር ጥያቄ ያለው ኡስታዙን ይጠይቅ፤ እኛ ሙፍቲ አይደለንም። የአገሪቱ ሕግም ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ቆጥሮታል። መብቱም ሥራው እንደተሠራ የሚገኝ እንጂ ምዝገባ የሚጠብቅ አይደለም። ስለዚህ «አላስመዘገበውማ» ማለት አያዋጣም።

ሐቁ አልገባንም ለሚሉ ደግሞ የራሳቸውን ጥቅም እናስታውሳቸው። ዛሬ ስልካችን ቦርሳችን ነው። ቴሌብሩም የባንክ አፑም እዚያው ነው፤ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣውም በመልእክት እዚያው ስልክ ላይ ነው። የተሰበረ አፕ ስንጭን የማናውቀው ሰው ከፍቶ የነካካውን ነገር ቤታችን ማስገባታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ካስፐርስኪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ኤፍኤም ዋትሳፕ በሚባለው ያልተፈቀደ የዋትሳፕ ዓይነት ውስጥ ትሪያዳ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም አግኝቷል። ተጠቃሚው ሳያውቅ ሌላ ጎጂ ፕሮግራም የሚያወርድ፣ ገንዘብ በሚያስከፍል አገልግሎት የሚያስመዘግብ ነው። ጌም የተባለ አፕ መልእክታችሁን ላንብብ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ «እሺ» ብላችሁ ያለፋችሁ ስንት ናችሁ? ሰባሪው ለእናንተ አዝኖ የደከመ ይመስላችኋል?

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ነገ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ልጆች ያስመርቃል፤ ከእነሱም ኮምፒውተር የተማሩ አሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮችን የማሠልጠን ዘመቻ ተከፍቷል። በጎ ነው፤ ተማሩ። ግን እነዚህ ልጆች ኮድ ጽፈው ለማን ይሸጣሉ? ገበያው የሌባ ከሆነ ችሎታ ያለው ልጅ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ ለውጭ ደንበኛ ይሠራል፣ ወይ ላፕቶፑን ሸጦ ባጃጅ ይገዛል። እዚህ ማን ይቀራል? የበበቃ ወይም የየኪ ቡና ገበሬ የሚፈልገውን አፕ ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ አይሠራለትም። በቤንችኛ፣ በሸካቾኛ፣ በካፊኛ፣ በሸኮኛ ለሕፃናት ፊደል የሚያስተምር አፕ ከውጭ አይመጣልንም። ወይ የራሳችን ልጆች ይሠሩታል፣ ወይ አይኖርም። አንድ አፕ በሰበርን ቁጥር የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መክፈል የማይችል ሰው መስረቅ አለበት ያለው ማን ነው? በባለቤቶቻቸው ፈቃድ በነጻ የተለቀቁ ብዙ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ሊብሬ ኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቪዲዮ ማያ ቪኤልሲ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ አለ። ኮድ ለሚጽፍም አንድሮይድ ስቱዲዮ በነጻ ይገኛል። በክራክ ፕሮግራም እየሠራ «አፔን ሰረቁኝ» ብሎ የሚጮህ ሠሪ ካለ እሱም መጀመሪያ የራሱን ቤት ያጽዳ።

የሞባይል ቤት ወንድሞቻችን፣ ሙያችሁን እናከብራለን። ስልክ ጠግኑ፣ ሚሞሪ ሽጡ፣ ነጻውን አፕ ጫኑ፣ የድካማችሁን ተቀበሉ። የአገር ልጅ አፕ ሲመጣ ግን ከሠሪው ጋር ተነጋገሩና ኮሚሽን ተቀብላችሁ ሽጡለት። ሁለታችሁም ሐላል ትበላላችሁ።

የቴሌግራም ቻናል ያላችሁ፣ አፕ ከመለጠፋችሁ በፊት ሠሪውን ጠይቁ። ቢፈቅድ ስሙን ጻፉ፤ ባይፈቅድ ተዉት።

እኛ ሠሪዎችም ግዴታ አለብን። ዋጋችን ተማሪ የሚችለው ይሁን። አፓችን ቀላል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በቴሌብር የሚከፈል ይሁን። በእርግጥ የሌለው ተማሪ ደውሎ «መክፈል አልቻልኩም» ካለን በነጻ እንስጠው። ይህን እዚህ የምንጽፈው ቃል እንዲሆንብን ነው። ጠይቁን፤ አንከለክላችሁም። ጠይቆ የወሰደና ሰብሮ የወሰደ ግን አንድ አይደሉም።

ቤታችሁ ስትገቡ ስልካችሁን ክፈቱና አንድ በአንድ እዩት። የትኛው በባለቤቱ ፈቃድ ገባ? የትኛው ተሰብሮ ገባ? የተሰበረውን አጥፉት። ቦታውም ይለቀቅላችኋል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ የሰውን ሐቅ ከመሸከምም ይጠብቀን።

ይህን ጽሑፍ ግን ገልብጡት፣ ሼር አድርጉት፣ በየግሩፑ ላኩት። ይህኛው በፈቃዳችን ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም!