ለጨዋታ የሚሄድ ሰው ለምን ይቸኩላል?

በአሜሪካ የሚኖር አብሮ አደጌ በመጪው ክረምት ወደ ጄን ኮን፣ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ወደሚካሄደው ታላቅ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ጉባኤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሄድ ነው። የአራቱን ቀን መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ላከልኝ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት አንዲት ባዶ ሰዓት የለችበትም። ለምሳ የተመደበችው ሃያ ደቂቃ ናት። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና የተዘጋ ሒሳብ ሳይ አውቀዋለሁ። ይህ ሰው ገና ሳይሄድ ሒሳቡን ዘግቷል።

ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ» እየተባሉ የሚጻፉት ምክሮች ናቸው እንዲህ ያደረጉት። ካርታውን አጥና፤ ሰዓትህን ከፋፍል፤ የምትገዛውን ዘርዝር፤ በሩ ሲከፈት ፍጠን! «አንተ ደግሞ ባልረገጥከው አዳራሽ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አልረገጥኩትም። ይሁን እንጂ ጨዋታን ወደ ሥራ የመለወጥን በሽታ ለማወቅ ባሕር መሻገር አያሻም። እኔ ራሴ ለግጥም ሰዓት መድቤ፣ በሳምንት ይህን ያህል ስንኝ ብዬ ቆጥሬ ስጽፍ ሁለት ዓመት አንድ የረባ መስመር ሳይወጣኝ ኖሬያለሁ። ግጥሙ የተመለሰው ሰዓቱን ስተውለት ነው።

ደግሞስ የጉባኤው የራሱ ታሪክ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሪ ጋይጋክስ የተባለ ሰው በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሌክ ጄኔቫ ከተማ፣ አንድ አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራየ። የመጡት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት በተደረገው ጉባኤ ላይ ዴቭ አርንሰን ከተባለ ወጣት ጋር ተገናኘ። ከዚህ ትውውቅ በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተወለደ፤ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ለብሰው በቃል ተረት የሚፈጥሩበት፣ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሁሉ አባት የሆነ ጨዋታ። ጉባኤው ካፈራው ፍሬ ሁሉ ትልቁ የተገኘው በጠረጴዛ ዙሪያ ከተገናኙ ሁለት ሰዎች ነው። ይህ በየትኛው መርሐ ግብር፣ በስንት ሰዓት ላይ ተጽፎ ነበር?

ዛሬ ነገሩ ሌላ መሆኑን አልክድም። በ2024 የተገኙት ከ70 ሺህ በላይ ነበሩ። መግቢያው ለብቻው፣ ለየጨዋታው መቀመጫ የሚቆረጠው ቲኬት ደግሞ ለብቻው ነው፤ ተወዳጆቹም ፈጥነው ይሞላሉ። እጁን አጣጥፎ የሄደ ከደጅ ሊቀር ይችላል። እንግዲያው ቀድመህ ቁረጥ፤ ግን ለቀን አንድ ይበቃሃል። የቀረውን ሰዓት ለማታውቀው ነገር ተወው።

አብሮ አደጌ ሆይ፣ ምክር ካሻህ የእኔ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም አትግዛ። ከባድ ሣጥን ተሸክሞ የሚዞር ሰው የሚያስበው ስለ ትከሻው ብቻ ነው። አዲሱ ጨዋታ ነገ ከተነገ ወዲያ ሱቅ ይደርሳል፤ ከፊትህ የተቀመጠው ሰው ግን አይደርስም። «ሕጉን አላውቅም» ለማለት አትፈር፤ አላዋቂን የሚያስተምር ሰው ደስታው ከተማሪው አያንስም። እየተሸነፍክ ቢሆንም ከመሐል ተነሥተህ አትሂድ፤ አንተ ስትነሣ የሦስት ሰው ጨዋታ ይፈርሳልና። ብላ፣ ተኛ፣ ገላህንም ታጠብ፤ በዚያ መጨናነቅ ውስጥ ንጽሕና ለራስ ሳይሆን ለጎረቤት የሚከፈል ዕዳ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣን አስበው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ስለዚህ ከሁለት አገር የመጡ ሰዎች ጠጠር ከመበተናቸው በፊት «በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» መባባል ግድ ይላቸዋል። ለእኔ ጨዋታው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ ጊዜ ትፈልጋለች፤ ሃያ ደቂቃ ምሳ የመደበ ሰው ግን አይጠይቃትም።

እኛ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስንቆጥር የምንውል ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፦ የማይቆጠር ነገር ከሌለን የምንቆጥረው ሁሉ ከንቱ ነው። አራት ቀን ከጉልበትህ ቆርሰህ፣ ከደመወዝህ ቆጥበህ ያገኘኸውን ዕረፍት ለሌላ አለቃ አሳልፈህ አትስጥ፤ ያ አለቃ አንተው ራስህ ብትሆንም።

ሰዓትህን ሁሉ ቆጥረህ አትጨርሰው፤
ወንበር ጎትትለት ለማታውቀው ለሰው።
የገዛኸው ሁሉ በሣጥን ይቀራል፤
የተሸነፍክበት ወዳጅን ያፈራል።