«ቀንሰሽ ነይ» ሕክምና አይደለም

ወፈር ያለች ሴት ለማህፀን ቀዶ ሕክምና ወረፋ ስትይዝ ብዙ ጊዜ ከካርዷ ጋር አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሸክማ ትወጣለች፤ «ክብደት ቀንሰሽ ነይ!» ስንት ኪሎ? አይነገራትም። እስከ መቼ? «ስንደውልልሽ።» እንዴት አድርጋ? «አመጋገብሽን አስተካክይ፣ ስፖርት ሥሪ።» በቃ! ይህች ምክር ከአዲስ አበባ እስከ ጣና ዳር ስትባል የኖረች ናት። ስትባል እንጂ ስትሠራ ግን አላየናትም።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ደኅና ነው። እራት ይቀራል፣ ስኳር ከሻይ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል። በወሩ ሁለት ኪሎ ይወርዳል። ስልኩ ግን አይደወልም። በሦስተኛው ወር ሄዳ ስትጠይቅ «ተራሽ አልደረሰም» ትባላለች። በአምስተኛው ወር እራቱ ይመለሳል፣ ስኳሩም ይመለሳል፣ ሁለቱ ኪሎም ጓደኛ አስከትሎ ይመለሳል። ያኔ ሁላችንም ፈራጅ እንሆናለን፤ «ተነሳሽነት የላትም!»

እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ተነሳሽነቷን የሰረቃት ቀን የሌለው ቀጠሮ ነው። የሚመለስላትም በስብከት አይደለም። በቀን፣ በደም ምርመራ፣ በአጃቢ ሰውና በሚያስኬድ መንገድ ነው።

ሐኪሙ አልዋሸም፤ ግን አልጨረሰም

ፍትሐዊ እንሁን። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ቀዶ ሕክምናን ያከብዳል። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው አተነፋፈስ ያስቸግራል፣ ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ይጨምራል፣ እግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ለምን ክብደት ብቻ?

አንደኛ፣ ሆድ ሁሉ ስብ አይደለም። የማህፀን ዕጢ (ማዮማ) አድጎ ሆድን የብዙ ወር እርጉዝ ሊያስመስል ይችላል። ይህን ሆድ ሩጫ አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ በየወሩ ብዙ የምትደማ ሴት ብረቷ ያልቃል፤ ደም ማነስ ይይዛታል። ደም ያነሳት ሴት ደግሞ ሁለት ፎቅ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ልቧ ይመታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። «ስንፍና» ብለን የምንሰድበው ነገር ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢን ነው! እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የአገራችን ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ይህችን ሴት «ሩጪ» ከማለት በፊት ደሟን መለካት፣ ብረት ማዘዝና የሚደማውን ማስታገስ ይቀድማል።

ሦስተኛው ይብሳል። ካረጠች በኋላ መድማት የጀመረች ሴት ለካንሰር መመርመር አለባት፤ ያውም በቶሎ። ለእሷ «ቀንሰሽ ነይ» ማለት ምክር ሳይሆን አደጋ ነው።

የከሳችውን መግበን፣ የወፈረችውን ሸኘን

በዚያው ጥናት 22 በመቶ ሴቶች ከሚገባው በታች ቀጫጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ናቸው። ጤና አገልግሎታችን የለመደው የከሳችውን ሴት ነው። የወፈረችው ስትመጣ ግራ ይገባዋል፤ ግራ የገባው ደግሞ ይመክራል።

ባሕር ዳር ግን ለዚህ መልስ የሌላት ከተማ አይደለችም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ውጭ ማእከል መክፈት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያውን የተከለው እዚሁ ነው። በሐምሊን አሠራር ከስታና እግሯ ታጥፎ የደረሰች ሴት «ወፍረሽ፣ በእግርሽ መሄድ ጀምረሽ ነይ» አትባልም። አልጋ ይሰጣታል፣ ትመገባለች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እግሯን ያፍታታላታል፤ ሰውነቷ ሲጠነክር ቀዶ ሕክምናው ይደረግላታል። አካልን ለቀዶ ሕክምና ማዘጋጀት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ማለት ነው። ታዲያ የወፈረችዋን ማዘጋጀት ለምን የራሷ የብቻ ዕዳ ሆነ? አልጋ አልጠየቀችም። በወር አንድ ጊዜ ክብደቷን፣ ግፊቷን፣ ስኳሯንና ደሟን የሚለካላት፣ «በርቺ፣ ይህን ያህል ቀርቶሻል» የሚላት አንድ ነርስ ነው የጠየቀችው።

እኛስ፣ ጎረቤቶቿ?

ሐኪሙን ብቻ ወቅሰን አናመልጥም። ባገራችን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ምርቃት ነው። የቀነሰች ሴት ደግሞ መርማሪ ይበዛባታል፤ «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ? ባልሽ ደኅና ነው?» ማህፀን የሚነገር በሽታ ስላልሆነ «ጨጓራ ነው» ብላ ታልፋለች። ምሥጢር የያዘች ሴት አጃቢ የላትም። ቡና ላይ ዳቦ አልበላም ስትል «ምን ቀረበሽ?» ብለን በግድ የምናጎርሳት እኛው ነን። ስትወፍርም «ራሷን ጣለች» የምንላት እኛው!

በዚህ ክፍተት ነጋዴው ይገባል። የክብደት መቀነሻ ሻይ ይሸጥላታል፤ ሴና ያለበት ሻይ የሚያወጣላት ውሃና ማዕድን እንጂ ስብ አይደለም። አነቃቂ ተናጋሪው ደግሞ «ከፈለግሽ ትችያለሽ!» ይላታል። ፈልጋማ ነበር፤ አምስት ወር ሙሉ!

ስለዚህ ምን ይሁን?

መጀመሪያ ቀን። እርግጠኛ ቀን ከሌለ ግምታዊ ወር ይነገራት፤ ከተራዘመ ደውለው ይንገሯት። ቀጥሎ የሚጨበጥ ግብ። የ90 ኪሎ ሴት 5 በመቶ ብትቀንስ 4 ኪሎ ተኩል ነው፤ ይህች ትንሽ ቁጥር እንኳ ለስኳርና ለደም ግፊት ትጠቅማለች። ሚዛኑ አልወርድ ሲል ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ፤ ትናንት አሥር ደቂቃ ያደከማት መንገድ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ካስኬዳት ልቧና ሳንባዋ ለማደንዘዣው እየተዘጋጁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። አምስት ቀን በሠላሳ ደቂቃ።

ምግቡም ቢሆን ረሃብ አይደለም። ራሷን አስርባ የምትቀንስ ሴት ጡንቻዋንም ታጣለች፤ ቁስል የሚጠግነው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ጾም በራሱ አያቀጥንም፤ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ በዘይት የራሰ ወጥና ሦስት እንጀራ ከተበላ ሒሳቡ ያው ነው። ሽሮው ይሁን፣ ምስሩ ይሁን፣ ጎመኑ ይብዛ፤ ዘይቱና እንጀራው ይቀነስ። የጣናው አምባዛና ቆሮሶ ሁልጊዜ በዘይት ካልተጠበሰ የሚል ሕግ የለም (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትተናል)። ደም ያነሳት ሴት ቡናና ሻይዋን ከምግቧ ቢያንስ አንድ ሰዓት ታርቅ፤ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታልና።

በመጨረሻ መንገዱ። በዘንባባና በብስክሌት የታወቀች፣ ሜዳ የሆነች፣ ሐይቅ የተደገፈች ከተማ ለእግር ጉዞ የተፈጠረች ነበረች። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት መሄጃ አለው፤ ደርሶ መልስ 760 ሜትር ነው። ግን ንጋት ላይ ብቻዋን ልትወጣ የምትፈራ ሴት ድልድይ ምን ያደርግላታል? ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ከተማዋ ሰዓት እላፊ አይታለች፤ ከገጠር ለቀጠሮ የምትመጣ ሴትም መንገድ ሲዘጋ ተራዋ አልፏታል። ሰላም የማህፀን ጤና ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ ወረፋ ላይ ያለችውን ይጠይቅ።

ሰላሙ እስኪሞላ በእጃችን ያለው አንድ ነገር ነው፤ አብሮ መሄድ። እህቷ፣ ባሏ፣ የዕድር ጓደኛዋ ቀን ሲሞቅ ከጊዮርጊስ ጀምረው በሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት ያስኬዷት። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ «እናቴ፣ ምን ያስሮጥሻል?» የሚል ወጣትም አፉን ይዝጋ።

ለሐኪሞቻችን ያለን መልእክት ግን አጭር ነው፦ ኪሎውን ከጠየቃችኋት፣ ቀኑን ንገሯት።