የተማሪዎች ቅሬታና ይግባኝ፦ ከቃል መልስ ወደ ጽሑፍ ውሳኔ

ልጁን ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ቤተሰብ፣ ልጁ በአንድ የትምህርት ዓይነት ውጤት ምክንያት ከትምህርት ገበታው ሲሰናበት አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «አቤት የሚባለው ወዴት ነው?» የሚል ነው። መልሱ እንደ ቅሬታው ዓይነት ይለያያል። አቤቱታን ወደማይመለከተው አካል ይዞ መሄድ ጊዜ ያባክናል፤ የይግባኝ ጊዜ ካለፈ ደግሞ ተገቢ የሆነ ቅሬታም ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ውሳኔው የማን ነው?

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አካዳሚክ ነፃነትን ያረጋግጣል። በመሆኑም በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አሰላ በሚገኘው አርሲ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ የኮርስ ውጤት የሚመረመረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ የፈተና ወረቀት አያርምም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ግን የተለየ ነው። ፈተናው አገር አቀፍ፣ የማለፊያ ነጥቡም 50 በመቶ በመሆኑ፣ ውጤቱን የኮርሱ መምህር ወይም የትምህርት ክፍሉ ሊለውጠው አይችልም። ያላለፈ ተማሪ ፈተናውን ደግሞ የመውሰድ ዕድል አለው።

የውስጥ ደረጃዎች

ዝርዝር አሠራሩንና የጊዜ ገደቡን የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው። በአጠቃላይ ሲታይ የውጤት ቅሬታ ከመምህሩ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ኮሌጁ ዲን ወይም አካዳሚክ ኮሚሽን ያመራል። የዚህ መንገድ አስቸጋሪ ክፍል መነሻው ነው፤ ተማሪው ቅሬታውን መጀመሪያ የሚያቀርበው ውጤቱን ለሰጠው ሰው ነውና። ወረቀቱ በሌላ መምህር እንደገና እንዲታረም ማድረግ ይህን ሥጋት ይቀንሳል።

የዲሲፕሊን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ የነጥብ ልክ ሳይሆን፣ ተማሪው የተከሰሰበትን ነገር አስቀድሞ ማወቁና ከውሳኔው በፊት መሰማቱ ነው።

ደካማው ቀለበት

ብዙ ቅሬታ የሚመክነው ሕግ ጠፍቶ ሳይሆን መልሱ በቃል ስለሚሰጥ ነው። «ታይቷል፤ አይቻልም» የሚል መልስ ቀን፣ ምክንያትና ፊርማ የለውም፤ የይግባኝ ጊዜው ከመቼ እንደሚቆጠርም አያሳይም። ለተማሪው ይህ ማለት የአንድ ዓመት ብክነት፣ ለቤተሰቡ ደግሞ ተደጋጋሚ የጉዞ ወጪ ነው። ለተቋሙም ቢሆን ጉዳት አለው፤ ምክንያቱ ያልተጻፈ ትክክለኛ ውሳኔ ከተሳሳተ ውሳኔ ተለይቶ አይታይምና።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና ምክንያቱን በመግለጽ እንዲሰጡ ያዛል። የውስጥ አቤቱታውን አሟጥጦ ያልረካ ሰውም ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስለት የሚጠይቅበትን መንገድ ይከፍታል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ይመረምራል፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን ግን አይመለከትም። ስለዚህ የሁለቱ ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ሊታሰብበት ይገባል።

በእንግሊዝና በዌልስ የተማሪዎችን ቅሬታ የሚመለከት ራሱን የቻለ አካል አለ። ይህ አካል በአካዳሚክ ምዘና ውስጥ ገብቶ ነጥብ አይሰጥም፤ የሚመረምረው ዩኒቨርሲቲው የራሱን ሥርዓት በአግባቡ መከተሉን ነው። ተማሪው ወደዚያ ከመሄዱ በፊትም የውስጥ ሂደቱ መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ይሰጠዋል። የመምህሩ የሙያ ነፃነትና የተማሪው ፍትሕ የማግኘት መብት አብረው ሊጠበቁ እንደሚችሉ ይህ አሠራር ያሳያል።

ባለጉዳዩ ምን ይያዝ?

ቅሬታ አቅራቢው የሴኔት ሕጉን የጊዜ ገደብ ከሬጅስትራር ወይም ከትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብቶ የገባበት ቀን የሰፈረበትን ቅጂ ቢያስቀር፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጠው ቢጠይቅ ለሚቀጥለው ደረጃ የሚሆን ማስረጃ ይኖረዋል። ተቋማትም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ መብት ሊያስተናግዱት ይገባል። ተማሪው የጠየቀው ባይፈቀድለት እንኳ፣ ለምን እንዳልተፈቀደለት አውቆ የመመለስ መብት አለው።