የተዘቀዘቀ ቃለ አጋኖ አንፈልግም!

ባለፈው እትም ከመካከላችን አንዱ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ራሱን ያውቃል) አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ምጸት ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ መጨረሻው ላይ ትእምርተ ሥላቅ ይደረግበት፤ ማለት ቃለ አጋኖዋ ተገልብጣ፣ ነጥቧ ወደ ላይ ሆና ትጻፍ፤ አለዚያ አንባቢ ይሳሳታል፣ ጽሑፋችንም «ሳይንሳዊ» አይሆንም። ወንድማችን በዚህም አላበቃም። የገጠሩ ሕዝብ በሰምና ወርቅ እየተሸፋፈነ ስለሚናገር ቀጥተኛ ነገር ከአፉ አይወጣም፣ ይህም የዕድገት ማነቆ ነው ሲል ደምድሟል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። ስቴንስል የሚያዘጋጀው ጓዳችንም ከእኔ ጋር ነው፤ ያችን ምልክት በእጁ ሊገለብጥ ሲታገል ሁለት ስቴንስል ተቀዶበታል።

ስለ ምልክቷ እውነቱን እንናገር። ትእምርተ ሥላቅ ባዕድ አይደለችም፤ በጽሑፋችን ስትሠራባት ቆይታለች፤ የፊደላችንን የኮምፒውተር ደረጃ ለማስፋት እ.ኤ.አ. በ1999 በቀረበው ሰነድም ስሟ ተጠቅሷል። በፈረንጅ አገርም አልካንቴር ደ ብራም የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1899 የራሱን «የምጸት ነጥብ» አቅርቦ ነበር። ማን ተቀበለው? ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1729 የአየርላንድ ድኆች ሕፃናታቸውን ለሀብታም ማዕድ ይሽጡ ብሎ በረጋ አነጋገር ሲጽፍ ከጎኑ ምንም ምልክት አላቆመም። ቢያቆም ኖሮ ያ ጽሑፍ ያስደነግጥ ነበር?

ምልክቷን የሚፈልግ ሰው የገዛ እናቱን አነጋገር ረስቷል እላለሁ። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ከብቶቹ እህል ውስጥ ገብተው እኔ ዛፍ ሥር ተኝቼ ስታገኘኝ «አንተ ሰነፍ!» አትለኝም። «ጌታው፣ ደኅና አደሩ? ዕንቅልፍ በረበሽንብዎ ይቅር ይበሉን» ትለኛለች። «እርስዎ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ዱላው የት እንዳለ አውቃለሁ። አማርኛ ምጸቱን የሚያኖረው እዚያ ነው፤ አንቱታው ያለ ቦታው ሲመጣ፣ ምስጋናው ከተግባሩ በላይ ሲሆን፣ «አበጀህ!» የሚለው ሰባራ ገንቦ ላይ ሲወድቅ። ለዚህ የሰባት ዓመት ሕፃን ምልክት አያስፈልገውም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ያስፈልገዋል ተባለ!

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው መደነጋገር። ወንድማችን ምጸትን፣ አግቦን፣ ሽሙጥንና ሰምና ወርቅን ባንድ ቁና ሰፈራቸው። ቅኔ ቤት አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው እንዲህ አይልም። በሰምና ወርቅ ሰሙ ሐሰት አይደለም፤ ምሳሌ ነው። ባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃናም ሆነች ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ሰሚው ሰሙንም ወርቁንም አይቶ የሁለቱን መገጣጠም ያደንቃል። በምጸት ግን ላይ ያለው ቃል እንዲወድቅ ሆኖ ነው የሚነገረው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ሐሰት መሆኑን ያውቃሉ። አግቦ ሌላ ነው፤ እንግዳው እንዲሰማ ውሻውን መቆጣት ነው። ቃሉ እውነት ነው፣ የተላከበት ሰው ግን ሌላ። እነዚህን የማይለይ ሰው ሕዝቡን «ድፍን አነጋገር ያለው» ብሎ ሲከስ፣ ድፍንነቱ የማን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ጓደኛዬ በዚህ ላይ ደኅና ጥያቄ አነሣብኝ። «ጋይንት እኮ የምልክት አገር ነው፤ ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርባት፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት አይደሉም ወይ? ሊቃውንቱ በየፊደሉ ራስ ላይ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያሉ ምልክት ያኖሩ የለም ወይ? ዜማ ምልክት ከተሰጠው ምጸት ለምን ይነፈገዋል?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። መልሴ፦ ድጓን ከምልክቱ ብቻ የተማረ ማን አለ? ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል፤ ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ድምፁን ከድምፅ ይቀበላል። ምልክቱ የሰማን ሰው ያስታውሳል እንጂ ያልሰማን አያስተምርም። የእኛዋ የተዘቀዘቀች ምልክት ደግሞ ላልሰማ ሰው ነው የታሰበችው።

ጉዱ ካሣን አስቡት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያ ሰው የሚናገረው እየገባቸው ሳይሆን እያስገረማቸው እንደ ዕብድ ይቆጥሩታል። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት አይሰሙትም፤ አንባቢው ይሰማዋል። ደራሲው በየንግግሩ ጫፍ ነጥብ ገልብጠው «ይህን የተናገረው እየቀለደ ነው» ቢሉን ኖሮ እኛም ከመንደሩ ሰዎች ጋር በተደመርን ነበር። (ስለ አለቃ ገብረ ሐና ዝም ያልሁት አውቄ ነው። አለቃ የፎገራ ሰው፣ የተክሌ አቋቋም ስመ ጥር ሊቅ ሆነው ሳለ፣ እኛ ግን ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ማራገፊያ አድርገናቸዋል።)

እዚህ ላይ መናገር የማልወደውን ልናገር።

አንድ ክረምት ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆነን ስማዳ ወርደን ነበር። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ «ቤተሰቡ ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ነሐሴ ነው፤ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ገና አረንጓዴ። አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። «ልጆቼ፣ ዝናቡን አሳልፉ» ብለው ቁርበት አነጠፉልን። የከተማው ጓደኛዬ ቅጹን ዘርግቶ «ቤተሰቡ በቀን ስንት ጊዜ ይመገባል?» አለ። ሽማግሌው ቀና አሉ። «ልጆቼ» የሚለው ቀረ።

«ይኸማ ይጠየቃል፣ ጌቶቼ? ጧት እንበላለን፣ ቀትር እንበላለን፣ ማታ እንበላለን፤ ሌሊትም ሆዳችን ዕረፍት ሲነሣን እየተነሣን እንጎርሳለን። እናንተም ራት ሳትበሉ አትሄዱም።»

ሚስታቸው አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከኋላቸው የቆመው ጎታ አፉ ክፍት ነበር፤ ውስጡ ዶሮ ታቅፋ ተኝታለች። ጓደኛዬ «4» ብሎ ጻፈ።

እኔ ገብቶኝ ነበር፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፣ እንዴት አይገባኝም? ነገር ግን ተቆጣጣሪያችን «የተባለውን ጻፉ፤ ከራሳችሁ ምንም አትጨምሩ» ብሎናል። አበሉም የሚከፈለው ቅጹ ሲሞላ ነው። የአራሚነት ፊርማዬን ከ«4» በታች አኖርሁ። ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ወደ ከተማ ሄደ።

ወንድማችን ይህን ቢሰማ «አየህ! ሽማግሌው ቀጥ ብለው 'ርቦናል' ቢሉ ኖሮ!» ይለኛል። ማን ፊት ይበሉ? በልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ባለን ሁለት ልጆች ፊት፣ ሚስታቸው እየሰሙ፣ እንግዳ ተቀብለው ሳለ? ለእንግዳ የሚያቀርቡት ያጡ ሰው ናቸው። ያችን አነጋገር የመረጡት እውነቱን ለመደበቅ አይደለም፤ ሳይለምኑ ለመናገር ነው። እውነቱን ነግረውናል፤ ጎታውንም ደብቀው አልጠበቁንም። ምልክታቸው እሱ ነበረ። ጓደኛዬ ዓይኑ ቅጹ ላይ ስለነበረ አላየውም፤ እኔ አይቼው ዝም አልሁ። ከሁለታችን የባሰው እኔ ነኝ።

የዕድገት ማነቆ የሚለው ክስም አዲስ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ ብዙዎቻችን ሳናነብ እንጠቅሰዋለን። ሌቪን ድርብ አነጋገር ከዘመናዊነት ጋር የሚጋጭበት ቦታ እንዳለ ጽፏል፤ ነገር ግን ያንኑ አነጋገር የሚወድድ ሰው ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ከአሻሚነት ስለ መሸሽ በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ሸሺዎቹን ዘመናውያን ራሳቸውን ተችቷል። የእኛው ጸሐፊ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ግማሹን ይዞ ቆሟል።

እንግዲህ ለአዘጋጆቹ የማቀርበው ይህን ነው። ምልክቷን ለሚወዳት ተዉለት፤ በእኔ ጽሑፍ ላይ ግን አንዲት እንኳ እንዳታገቡ። በመጪው ክረምት ቅጽ ይዛችሁ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ እስቴ የምትወርዱ ደግሞ ከ«የተባለው» ጎን «የታየው» የሚል ዓምድ በእጃችሁ አስምሩ፤ ቦታ ከጠበበ በጀርባው ጻፉ። ተቆጣጣሪው ከተቆጣ፣ ተቆጣ።