«በሳሙናዬ ሰበብ የሰው ልጅ ከእንጀራዋ ተባረረች»

ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ከእናቴ ጋር የምኖር የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ እያወረደች፣ ጉልበቷ ሲደክም ደግሞ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንዲት ጓደኛዬ የጌጥ ሳሙና አሠራር አሳየችኝ። ዝግጁውን የግሊሰሪን ሳሙና ቤዝ ገዝቶ ማቅለጥ፣ ቀለምና ሽታ መጨመር፣ ከዚያ በልብና በአበባ ፎርማ ማፍሰስ ነው። ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ ስጦታ ይፈለጋል። መነሻውን ያበደሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ የደረሳቸውን ዕቁብ አውጥተው።

ሥራው ሲለምድልኝ «የእንጦጦ ሳሙና» የሚል የራሴ ዓይነት ላውጣ ብዬ ተነሣሁ። የባህር ዛፍ ዘይት ሳልለካ ጨመርኩበት። እናቴ የወቀጠችውን እንዶድም ነሰነስኩበት። ወረቀቱ ላይ «ለብጉርና ለማድያት ፍቱን» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲሸጥልኝ ብዬ ነው።

እትዬ ከዚሁ ወሰዱ። የሁለት ዓመት ልጃቸው በታጠበ ማግስት ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ አበጠ። «ምን ጨምረሽበታል?» ብለው ሲጠይቁኝ ደንግጬ «ምንም፤ ንጹሕ ሳሙና ነው» አልኳቸው። ልጁ ክሊኒክ ታይቶ ዳነ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። እትዬ «በኦሞ አጥበሽው ነው!» ብለው የቤት ሠራተኛቸውን አባረሯት። ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ እያለቀሰች በበራችን ስታልፍ አየኋት። ዝም አልኩ።

አሁን ለጥር ሠርግ 200 ሳሙና ታዝዣለሁ። ዕዳዬን የምከፍለው በእሱ ነው። ብናገር እትዬ ገንዘባቸውን አሁኑኑ ሊሉኝ ነው፤ ስሜም በሰፈሩ ይጠፋል። ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ምን ይሻለኛል?

ጨነቀኝ፣ ከፈረንሳይ

መልስ፦

እህታችን ጨነቀኝ፣ መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ባታውቂው ኖሮ እንቅልፍሽ ባልሸሸ ነበር። እኛ የምንረዳሽ እንዴት ብለሽ እንደምትጀምሪው ነው።

ዛሬውኑ እትዬ ቤት ሂጂ። ነገር አታብዢ። «እትዬ፣ ሳሙናው ውስጥ እንዶድና ብዙ የባህር ዛፍ ዘይት ነበረበት። ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት። ልጅቷን ያለ ጥፋቷ አባረሯት እንዳይሆን ብዬ መጣሁ» በይና ዝም በይ። «ግን እኮ» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ስለ ዕዳውም አንቺ ቀድመሽ አታንሺ። እሳቸው ካነሡት የሠርጉን ትዕዛዝ ንገሪያቸውና መቼ መቼ፣ ስንት ስንት እንደምትከፍዪ በወረቀት አስፍሪላቸው።

በእርግጥ ልጁን ያሳበጠው ሳሙናው ነው ብለን እኛ እዚህ ተቀምጠን አንፈርድም፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን ሐኪሙም ሳያውቀው ነው ያከመው። የልጁን ቆዳ ምን እንደነካው የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ነገ ሌላ ባህር ዛፍ ያለበት ነገር ቢቀቡት እናትየው ከምን ይጠንቀቁ? የውሸትሽን ጉዳት በዚህ መዝኚው።

ቀጥሎ ልጅቷ። ያመጣት ደላላ ወይም የአገሯ ልጅ ሳይኖር አይቀርም፤ አፈላልጊያት። ወደ ሥራዋ ብትመለስ እሰየው፤ ካልተመለሰችም ስሟ ይጽዳላት። ሥራ ፈትታ የቆየችባቸውን ቀናት ደመወዝ አንቺ ክፈዪ። ትንሽ ትንሽ እያደረግሽም ቢሆን ክፈዪ። ከዚያ ያንን ሳሙና የገዙትን ሁሉ አስታውሰሽ ሰብስቢ፤ ገንዘባቸውንም መልሺ።

አሁን ወደ ሙያው እንምጣ። ሥራሽ ጥሩ ሥራ ነው። ዝግጁውን ቤዝ መምረጥሽም ብልህነት ነው፤ ሳሙና ከጥሬ ዘይት ልሥራ የሚል ሰው ኮስቲክ ሶዳ መንካቱ አይቀርም። እሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ የአሉሚኒየም ድስትም ይበላል። በቤዙ ላይ ያ አደገኛ ሥራ አስቀድሞ ተጠናቋል። የአንቺ ድርሻ ማቅለጥና ማሳመር ነው። የተሳሳትሽው መጠኑ ላይና የማይገባውን በመጨመርሽ ነው።

ቤዙን እንደ ስኳር ኩብ ቆራርጪና በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጪው። የእኛ አገር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ነው። አይጨነቅሽ፣ ቤዝ ለመቅለጥ 60 እና 70 ዲግሪ ይበቃዋል። ቤዙ ራሱ ከፈላ ግን ውኃው ተንኖ ሳሙናው ይጠጥራል፣ መልኩም ይበላሻል።

ከቀለጠ በኋላ ከእሳት አውርጂውና ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ ሽታውን ጨምሪ። ለአንድ ኪሎ ቤዝ የባህር ዛፍ ዘይት ከ10 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። «ሽታው ደከመ» ብለሽ አትጨምሪ፤ ዘይት ሲበዛ ቆዳ ያስቆጣል፣ ሳሙናውም አልረጋ ይላል። ለሕፃናት የምትሠሪው ላይ ደግሞ ጭራሹን ባህር ዛፍ አይግባ። ቅጠሉን ቀቅዬ ውኃውን ልጨምር ብለሽም እንዳታስቢ፤ ሳሙናው ይልማል፣ ይሻግታል። ትኩስ አበባ፣ ወተትና ጭማቂም እንዲሁ።

ካፈሰስሽ በኋላ ላዩ ላይ አረፋ ቢወጣ 70 በመቶ አልኮል ንፊበት፤ ወዲያው ይጠፋል። አልኮል ግን እሳት ይይዛልና ምድጃው አጠገብ አትንፊ። ሳሙናው ሲረጋ በዚያው ቀን በፕላስቲክ አጥብቀሽ ጠቅልዪው። ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ሳሙናው ያላበው የሚመስለው ለዚህ ነው። የአንቺ ትዕዛዝ ለጥር መሆኑ ዕድል ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው።

እንዶዱስ? እናትሽ አልተሳሳቱም፤ እንዶድ የአገራችን ሳሙና ነው። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች መሆናቸው ስለሚታወቅ፣ ከዚያ ምርምሩ ተጀመረ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እንግዲህ አስቢው፤ ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድለውን ነገር የሁለት ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ ምን አገባው? እንዶድ ለጋቢ እንጂ ለፊት አይሁን።

«ለማድያት ፍቱን» የሚለውንም ቅደጂው። ሳሙና ያጸዳል፣ ያሸታል፣ ያምራል፤ መድኃኒት ነው ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በቦታው ምን እንጻፍ ካልሽ፣ ውስጡ ያለውን በሙሉ ጻፊ፤ ቤዙን፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ የተሠራበትን ቀን። ከሥሩ ደግሞ የእንጦጦን ታሪክ ጨምሪ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት በበረታ ጊዜ ባህር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተራቆተው ተራራ ለበሰ። የዚያን ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ አንቺም የአንዷ ልጅ ነሽ። ሙሽራዋ ይህን ብታነብ ከ«ፍቱን» ይልቅ ይህ ልቧን ይነካዋል።

ለ200 ሳሙና፣ አንዱ 50 ግራም ከሆነ 10 ኪሎ ቤዝ ያስፈልግሻል። በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ብቻ እያቀለጥሽ ሥሪ፤ ቢበላሽም አንድ ኪሎ ነው የሚበላሸው። ደግሞ ከአንድ ወር በፊት አትጀምሪ፤ ሽታው እያደር ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ የምታደርጊው ግን ከእትዬ ቤት ከተመለስሽ በኋላ ነው። ስሜ ይጠፋል ብለሽ ፈርተሻል። በሰፈሩ አሁን ስሟ የጠፋው ያቺ ፌስታል ይዛ የሄደችው ልጅ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እትዬ ነገሩን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንቺው አፍ ይስሙት። እናትሽንም ይዘሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ እንዶዱን የወቀጡት እሳቸው ናቸውና እሳቸውም ሊሰሙት ይገባል።

ሄደሽ የሆነውን ጻፊልን።