ያልተሰበሰበ ዕዳ በመዝገብ ላይ ስንት ነው?

በየዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የኩዌት ባንኮችና አክሲዮን ማኅበራት ዓመታዊ የሂሳብ መግለጫቸውን ለሕዝብ ያቀርባሉ። በዜና የሚነገሩት በአብዛኛው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የተጣራ ትርፍና ለባለአክሲዮኖች የሚከፋፈለው ድርሻ። ከመግለጫው ጋር ተያይዞ የሚወጣውን፣ «ዋና ዋና የሂሳብ አያያዝ መርሆዎች» የተሰኘውን ረጅም ማብራሪያ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ትርፉ ስንት እንደሆነ የሚወስነው ግን ይኸው ማብራሪያ ነው። ተመሳሳይ ንግድ የሚነግዱ ሁለት ኩባንያዎች አንዳቸውም ሳይዋሹ የተለያየ ትርፍ ሊያስታውቁ ይችላሉ። አንድ ሽያጭ ትርፍ ተብሎ የሚቆጠረው መቼ ነው? ሕንፃው አርጅቶ ዋጋው የሚያልቀው በስንት ዓመት ነው? ያልተከፈለ ዕዳ ዛሬ ስንት ያወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ውጤቱን ይለውጠዋል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ኩዌት የዚህን ጥያቄ ክብደት ያወቀችው ከመጻሕፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኩዌት ከተማ መሃል፣ ቀድሞ ግመሎች ይንበረከኩበት በነበረና ስሙንም ከዚያ ባገኘው በሱቅ አል መናኽ፣ ከመደበኛው የአክሲዮን ገበያ ውጪ የሆነ ሌላ ገበያ ደርቶ ነበር። የሚሸጡት በአብዛኛው በባህሬንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮኖች ነበሩ። ገዢው የሚከፍለውም ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ቀኑ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ የሆነ ቼክ ነበር። በቼኩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ አክሲዮኑ በዕለቱ ከሚያወጣው እጅግ የላቀ፣ አንዳንዴም እጥፍ ነበር። ሻጩ ያንን ወረቀት እንደ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ሌላ አክሲዮን ይገዛል፤ ለሱም በተራው ሌላ ቼክ ይጽፋል።

በሕጉ መሠረት ቼክ የሚከፈለው ለባንክ በቀረበ ጊዜ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ቼክ ወደ ባንክ ያለመውሰዱ ልማድ በነጋዴዎች መተማመን ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ያ መተማመን በኦገስት 1982 ተሰበረ፤ ቼኮቹም ያለ ክፍያ መመለስ ጀመሩ። የሁሉም ድምር ወደ 94 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህን የሚያህል ገንዘብ በየትኛውም ካዝና ኖሮ አያውቅም፤ በየነጋዴው መዝገብ ላይ ግን ሀብት ተብሎ ተጽፎ ነበር። መንግሥት በ1986 የተበላሹ የባንክ ብድሮችን የሚያስተካክል መርሐ ግብር ለማውጣት ተገደደ። ከወረራው በኋላም በ1993 በወጣው ሕግ ቁጥር 41 የባንኮችን ዕዳ ራሱ ገዛ። በመዝገብ ላይ ከልክ በላይ የተጻፈ ዕዳ አንድን አገር ከአሥር ዓመት በላይ አስከትሎ ሄደ ማለት ነው።

ጥያቄውን ከዚያ በፊት ያነሳው ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው የዕዳ አንቀጽ፣ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው ፍትሐዊ እንዲሆንና ከሚጻፈው ምንም እንዳይጎድል ያዛል። ፉቀሃዎች ደግሞ በዘካ ምዕራፍ ውስጥ፣ የተጻፈው ዕዳ ሁሉ እኩል ዋጋ እንደሌለው ለይተው አስቀምጠዋል። ይከፈላል ተብሎ ተስፋ የሚደረግበት ዕዳና ተስፋ የተቆረጠበት ዕዳ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሐነፊዎች ባለቤትነቱ ሳይጠፋ ጥቅሙ የጠፋውን ሀብት «ዲማር» ብለው ለይተውታል፤ ተበዳሪው የካደውና ማስረጃ የሌለው ዕዳ ከዚሁ ይመደባል።

በኩዌት ሥር የሰደደው የማሊኪ መዝሀብ ከዚህም ይራቀቃል። ዕቃውን ሳያቋርጥ እየገዛ እየሸጠ የሚያንቀሳቅሰው ነጋዴ ዓመቱ ሲሞላ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን በሰዎች እጅ ያለውንም ገንዘብ ይተምናል። ጊዜው የደረሰውንና የሚከፈለውን በሙሉ ቁጥሩ ይይዛል። ጊዜው ያልደረሰውን በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሳይሆን ዛሬ ቢሸጥ በሚያወጣው ይተምናል፤ ይህም ዕዳው በስንት ዕቃ እንደሚለወጥ፣ ዕቃውም በስንት ጥሬ ገንዘብ እንደሚሸጥ በማስላት ነው። ተስፋ የተቆረጠበትን አይቆጥረውም። የዘመኑ የሂሳብ ባለሙያዎች ወደፊት የሚገኝን ገንዘብ በዛሬ ዋጋ መተመንን የዘመናዊ ፋይናንስ ግኝት አድርገው ሲያስተምሩ መስማት፣ የፊቅህ ተማሪን ፈገግ ቢያሰኝ አይደንቅም። የመናኽ ነጋዴዎች በዚህ ስሌት ቢሄዱ ኖሮ ቼኮቻቸውን በሙሉ ዋጋ ባልጻፉ ነበር።

ኩዌት ኩባንያዎቿ ዓለም አቀፉን የሂሳብ አያያዝ ደረጃ እንዲከተሉ በሚኒስትር ውሳኔ ያዘዘችው በ1990 ነው፤ ከብዙ አገሮች ቀድማለች። በባንኮች ላይ ግን የኩዌት ማዕከላዊ ባንክ የራሱን ጥብቅ መለኪያ ጨምሯል። ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር 20 በመቶ፣ ከ180 ቀን ካለፈ 50 በመቶ፣ ዓመት ከሞላው በኋላ ደግሞ 100 በመቶ መጠባበቂያ ይያዝበታል። ምንም ችግር ባልታየበት ብድር ላይ እንኳ፣ ለጥሬ ገንዘብ ብድር ቢያንስ 1 በመቶ፣ ለዋስትናና ለመሰል ግዴታዎች 0.5 በመቶ አጠቃላይ መጠባበቂያ መኖር አለበት።

ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 9ኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ኪሳራ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊደርስ የሚችለው አስቀድሞ እንዲገመት አዘዘ። ማዕከላዊ ባንኩ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ሁለቱም ስሌቶች እንዲሠሩና ከሁለቱ ከፍተኛው መጠባበቂያ እንዲያዝ ወሰነ። በዚህ አሠራር የሚከፋፈለው ትርፍ ያንሳል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይተቹታል፤ በማስረጃ ያልተደገፈ መጠባበቂያ ባንኩ በደግ ዓመት ትርፉን ደብቆ በክፉ ዓመት እንዲያወጣው ያስችላል ይላሉ። ነቀፌታው እውነት አለው። ቢሆንም መናኽን ባየች አገር ጥንቃቄው ከነቀፌታው ይበልጣል። ነቀፌታው ሊጸና የሚችለው መጠባበቂያው ለምንና በምን ስሌት እንደተያዘ ለአንባቢ ግልጽ ሳይደረግ ሲቀር ነው።

ግልጽነቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በ2020 ታይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ባንኮች የብድር ክፍያዎችን ያለ ተጨማሪ ወለድ ወይም ትርፍ ለስድስት ወር አራዘሙ። ለተበዳሪው እፎይታ፣ ለባንኩ ኪሳራ ነበር። ዓለም አቀፉ ደረጃ ይህ ኪሳራ ከዓመቱ ትርፍ እንዲቀነስ ያዝዛል፤ ማዕከላዊ ባንኩ ግን ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ሳይሆን ካለፉት ዓመታት ከተጠራቀመው ትርፍ ላይ በቀጥታ እንዲቀነስ ፈቀደ። የባንኮቹ መግለጫዎች የተዘጋጁት «ለኩዌት አገር ጥቅም በተወሰደው መልክ» በወጣ ደረጃ መሆኑን የሚናገሩትም ከእንዲህ ያሉ ልዩነቶች የተነሳ ነው። በጊዜው የነበረው ጭንቀት ሲታሰብ ውሳኔው የሚገባ ነበር፤ በይፋ የተደረገ እንጂ የተሸሸገም አልነበረም። ነገር ግን የተጣራውን ትርፍ ብቻ ያነበበ ሰው የዚያን ዓመት እውነት በግማሽ ነው ያየው። ሌላው ግማሽ በማብራሪያውና በካፒታል ለውጥ ሠንጠረዡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ጉዳዩ በሸሪዓ መሠረት የሚሠሩ ባንኮችንም ይመለከታል። በኩዌት የመጀመሪያው የሆነው የኩዌት ፋይናንስ ቤት በ1977 በሕግ የተቋቋመ ነው። ባንኩ አንድን መኪና በ5,000 ዲናር ገዝቶ በአምስት ዓመት ለሚከፈል 6,000 ዲናር በሙራበሐ ቢሸጠው፣ 1,000 ዲናሩ ትርፍ የሚሆነው መቼ ነው? ውሉ በተፈረመበት ዕለት ሁሉም ትርፍ ተብሎ ቢጻፍ የዚያ ዓመት ሂሳብ ያብጣል፤ ገዢው በሁለተኛው ዓመት መክፈል ቢያቅተው የተጻፈው ትርፍ አየር ይሆናል። ስለዚህ ትርፉ ባልተከፈለው ቀሪ ዕዳ መጠን በጊዜው ላይ ይከፋፈላል። በሙዷረባ ሂሳብ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው በትርፍም በኪሳራም ተካፋይ ነውና ይህ ስሌት ከድርሻው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በ2006 በወጣው ሕግ ቁጥር 46 አክሲዮን ማኅበራት ለዘካ የሚያወጡት 1 በመቶም የሚሰላው በተጣራ ትርፍ ላይ ነው፤ ትርፉ በምን ተለካ የሚለው ጥያቄ እስከ ድሃው ድርሻ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የሸሪዓ ቦርዶች ሚና ሊጤን ይገባል። የቦርዶቹ ዓመታዊ ሪፖርት በአብዛኛው የውሎቹን ሐላልነት የሚመሰክር ነው። የውሉ ሐላልነት ግን ዕዳው ለመከፈሉ ዋስትና አይሆንም። በ2009 የኩዌቱ ዳር አል ኢስቲስማር፣ ራሱን በሸሪዓ የሚመራ የኢንቨስትመንት ኩባንያ፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ሱኩክ ክፍያውን በጊዜው መፈጸም አቃተው። በዚያው ዓመት አንድ የሊባኖስ ባንክ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲከሰው፣ የገዛ ቦርዱ ያጸደቀው የወካላ ውል ሸሪዓን ይጻረራልና ኩባንያው ሊገባበት ሥልጣን አልነበረውም ሲል ተከራከረ። በሸሪዓ ስም ገንዘብ የሰበሰበ በሸሪዓ ስም ከመክፈል ለመዳን መሞከሩ እስከ ዛሬ የሚያሳፍር ትዝታ ነው። የኩዌት ማዕከላዊ ባንክ በ2016 የሸሪዓ ቁጥጥር አስተዳደር መመሪያ ማውጣቱ መልካም እርምጃ ነበር። የሚቀረው ቦርዶቹ ከውሉ ቅርጽ አልፈው የዕዳውን አለካክም እንዲመረምሩ ማድረግ ነው። በተስፋ የተያዘውንና ተስፋ የተቆረጠበትን ዕዳ መለየት ከኦዲተሩ ባልተናነሰ የዓሊሙ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ዓመታቸው ነውና፣ በዚያ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ወገንም ይህንኑ ጥያቄ ከወዲሁ ቢያነሳ ይጠቀማል።

እስካሁን የተባለው ሌሎች ለኩባንያው ስላለባቸው ዕዳ ነው። ኩባንያው በሌሎች ፊት ያለበት ዕዳም እዚያው ማብራሪያ ውስጥ አለ። በፈርዋኒያ፣ በሳልሚያ ወይም በጅሊብ ኖሮ በየኩባንያው የሚሠራውን ወገን የሚነካው አንቀጽ «የሠራተኞች የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ» የሚለው ነው። በ2010 በወጣው የግል ዘርፍ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ ቁጥር 6 መሠረት የወር ደመወዝተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ15 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ክፍያ ይገባዋል፤ ጠቅላላው ከአንድ ዓመት ተኩል ደመወዝ አይበልጥም። 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የ75 ቀንና የአምስት ወር ክፍያ አለው ማለት ነው። በራሱ ፈቃድ ሥራ የሚለቅ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ካገለገለ ግማሹን፣ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ካገለገለ ሁለት ሦስተኛውን ያገኛል።

በኩዌት ብዙ ኩባንያዎች ይህን ዕዳ የሚያሰሉት ሠራተኛው ሁሉ ሂሳቡ በሚዘጋበት ቀን በአሠሪው ውሳኔ ቢሰናበት ሊከፈለው በሚችለው መጠን ነው። መርሆው ለሠራተኛው ያደላ ነውና ሊመሰገን ይገባል። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፤ ዕዳው በመዝገብ ላይ መጻፉ ገንዘቡ በሌላ ሂሳብ ተለይቶ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ኩባንያው ቢከስር ሠራተኛው ከአበዳሪዎች ጋር ይሰለፋል። ስለዚህ ኩባንያዎች በማብራሪያቸው የዕዳውን መጠን ብቻ ሳይሆን ለክፍያው የተለየ ገንዘብ መኖር አለመኖሩንም በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር እንዲገልጹ ተቆጣጣሪው ቢያዝ ተገቢ ነው። ወጪው ከአንድ መስመር አይበልጥም።

በየቤቱ የሚሠሩት እህቶች ሂሳብ ግን በየትኛውም ኩባንያ መግለጫ ውስጥ አይገኝም። በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ይሰጣቸዋል፤ በዚህ ረገድ ከግል ዘርፉ ሕግ የመጀመሪያ አምስት ዓመታት የተሻለ ነው። ቤተሰብ ግን ኦዲተር የለውም፤ ዓመታዊ መግለጫም አያወጣም። ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ያገለገለች ሴት የስድስት ወር ደመወዝ ባለዕዳ አላት፤ ዕዳው ግን ውሏና ደመወዟ የተከፈለበት የባንክ ወይም የፊርማ ማስረጃ ከሌለ የሚታይበት ወረቀት የለም። የሰው ኃይል ባለሥልጣን በየዓመቱ የውል ወይም የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ሲደረግ የተጠራቀመው ክፍያ መጠን በውሉ ግርጌ እንዲጻፍና ቅጂው በሠራተኛዋ እጅ እንዲቀር ቢያደርግ፣ ዕዳው ከቃል ወደ መዝገብ ይሸጋገራል። ይህ እስኪሆን ድረስ የውሏን ቅጂ መያዝና ደመወዟን በባንክ መቀበል የሠራተኛዋ ድርሻ ነው፤ የአገልግሎት ዓመቷን ከነክፍያው በየዓመቱ ጽፎ ማስፈረም ደግሞ አላህን የሚፈራ አሠሪ ሳይጠየቅ ሊያደርገው የሚችለው ነው።