ደሟ ያነሰው ማዕድ ላይ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የመስቃን መንደር የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ልትቀበለኝ ከምድጃው ሥር ብድግ ስትል መቃኑን ያዝ አድርጋ ቆመች። «ምነው?» ብላት «ምንም አይደል አጎቴ፣ ብድግ ስል ያዞረኛል» አለችኝ። ከንፈሯ ነጥቷል። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጌ ሳየው ቀይ መሆን የነበረበት ገርጥቷል። ጤና ጣቢያ ደሟን ለክተው 9.2 ነው ብለዋታል። ነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከወረደች የደም ማነስ ይዟታል ማለት ነው።

«የብረት ክኒን አልሰጡሽም?» አልኳት። ከመደርደሪያው ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወረደች። ከሠላሳው ፍሬ የጎደለው አራት ብቻ ነው። «ስወስደው ሰገራዬ ጠቆረ፤ ደንግጬ ተውኩት። ጎረቤትም ልጁን ያገዝፍብሻል፣ ምጡ ይጸናብሻል አለችኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የሰነበተው ይህ ነው። ክኒኑን የሰጣት ሰው ሁለት ነገር ቢጨምርላት ይበቃት ነበር፦ ሰገራሽ የሚጠቁረው ሰውነትሽ ያልተጠቀመበት ብረት ሲወጣ ነው፣ አትደንግጪ፤ ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ዋጪው። ይህን የነገራት የለም። እንደ እሷ ያሉት ደግሞ ብዙ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 29ኙ የደም ማነስ ነበረባቸው። በዚያው ዳሰሳ ከመቶ እናቶች 42ቱ በእርግዝናቸው የብረት ክኒን ወስደው ነበር፤ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 ብቻ ነበሩ። ክኒኑ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀራል።

ከምሳ ጋር ተያይዞ ስለሚፈላው ቡና በዚህ ዓምድ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ ዛሬም አልተውም። ቡናና ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይይዙታል። ቡናው ይፈላ፣ ጎረቤትም ይጠራ፤ የነፍሰ ጡሯ ስኒ ግን አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጎመኗ ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ደግሞ ብረቱ በደንብ ይገባላታል።

ስለ ክኒኑና ስለ ቡናው ብቻ ጽፌ ላበቃ ነበር የተነሣሁት። ምሳው ግን አላስቻለኝም። እንግዳ ነኝና ክትፎ ተሠርቶልኛል። ሥጋውን የከተፈችው፣ ቅቤውን ያነጠረችው፣ ሚጥሚጣውን የለካችው እሷ ናት። በጣባ አድርጋ ለእኔ፣ ለባሏና ለአማቿ አቀረበችልን። እጃችንን አስታጠበችንና ወደ ጓዳ ገባች። ውሃ ልጠይቅ ብዬ ብከተላት ምድጃው ዳር ተቀምጣ ቆጮ በጎመን ትበላለች። «ሥጋውስ?» ብላት «ከተረፈ እበላለሁ» አለችኝ። ከሦስት ወንድ ክትፎ እንደማይተርፍ እሷም እኔም እናውቃለን።

ቆጮ ያጠግባል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። የጎመን ብረት ከሥጋ ብረት ይልቅ ለሰውነት ይከብዳል። ክትፎ የጉራጌን ስም በአገር ሁሉ ያስጠራ ምግብ ነው፤ ሁለት ነፍስ የተሸከመችው ግን ከተረፈ ነው የምትቀምሰው። ልጅ በላይ በላዩ መውለድ፣ ወባና የመንጠቆ ትል ደም እንደሚጨርሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስተምራሉ፤ እውነት ነው። ነፍሰ ጡር አፈር አፈር ሲላት አምሮት ነው ብለን የምናልፈውም ብዙ ጊዜ የብረት ማነስ ምልክት ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ማዕዱን ነው።

«እናቶቻችን ምን ክኒን ውጠው ወለዱን?» የሚሉ አሉ። የሚቆጥሩት በሕይወት የተረፉትን ነው። በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ነው፤ ደሟ አንሶ ምጥ የገባች ሴት ሌላዋ የምትቋቋመውን መፍሰስ አትቋቋምም። መስቃን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ አብረው ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግቡበት የኖረ አገር ነው። ስንት እናት እንደሞተችብን አልሰማንም ማለት አንችልም።

ጣባዬን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ድርሻዬን በደንብ አብስላ እንድትበላው አደረግሁ፤ ጥሬ ሥጋ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ባሏን ጠርቼ ቆርቆሮውን በእጁ አስያዝኩት። ማታ ማታ አንድ ፍሬ ከውሃ ጋር ሊሰጣት ቃል ገብቶልኛል፤ ክትትሏም ቀን አብሯት ሊሄድ።

ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ያለች ወንዶች፣ ዛሬ ማታ ክኒኗ የት እንደተቀመጠ ጠይቋት። ማዕድ ሲቀርብም ከጓዳ ጥሯትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ስጡ።